አንድ ፓይለት፣ አምስት ጦርነትና ሦስት ኩንታል፦ የካውንት ቮን ሮዘን ሕይወት

ከተክለ ሃይማኖት ብዙም ሳይርቅ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ኦልድ ኤርፖርት እያሉ የሚጠሩት ሰፈር አለ። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኤርፖርቱን ግን ያየነው ጥቂቶች ነን። ቦሌ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የሰፈሩም ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ የዚያን ዘመን አንድ ፓይለት እናስታውሳችሁ። ኢትዮጵያዊ አይደሉም። ግን በማይጨው ጦርነት ዘመን ቁስለኛ አመላልሰዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ አየር ኃይላችን ሲቋቋም አብራሪ አሰልጥነዋል፤ በ1966ቱ ረሃብ ዘመን ከሰማይ እህል አውርደዋል፤ በመጨረሻም ጎዴ ላይ ሞተዋል። ስማቸው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ይባላል፤ ስዊድናዊ ናቸው።

ታሪካቸውን በአንድ ጥያቄ በኩል ነው የምንነግራችሁ፦ አውሮፕላን ምን ያህል ይሸከማል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል አይደል? ተዋጊ ጄት ከካርበን ፋይበር ተሠራ፣ ቀለለ እየተባለ ዛሬም የምንሰማው ክርክር ያው ጥያቄ ነው። ቮን ሮዘን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱት የኖሩ ሰው ናቸው።

(ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።)

መጀመሪያ ሂሳቡን እንረዳ

እያንዳንዱ አውሮፕላን ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ባዶ ክብደቱ ነው፤ አካሉ፣ ሞተሩና የተገጠሙለት መሣሪያዎች፣ ያለ ነዳጅና ያለ ጭነት። ሁለተኛው ከመሬት ሊነሳ የሚችልበት ከፍተኛ ክብደት ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው ለፓይለቱ፣ ለነዳጁ፣ ለመድኃኒቱ ወይም ለቦምቡ የሚተርፈው። በቃ፣ ሌላ ቦታ የለም። ነዳጅ ከጨመራችሁ ጭነት ትቀንሳላችሁ፤ ጭነት ከጨመራችሁ ሩቅ አትደርሱም።

ይህ ሂሳብ አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ይጠብቃል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍን ደግፎ የሚያነሳው አየር ነው፤ ሞተርም ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ከመርካቶ ጢም ብሎ ጭኖ ዳገት የሚወጣ አይሱዙ አይታችኋል? አውሮፕላንም እኛ አገር ሲነሳ እንደዚያው ነው የሚያቃስተው። ልዩነቱ፣ አይሱዙው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ማረፍ ይችላል፤ አውሮፕላኑ አይችልም።

ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጠላትን ለማምለጥ ወይም ለመከተል በኃይል ሲታጠፍ የሁሉም ነገር ክብደት ይባዛል። በ7 እጥፍ ጫና ሲታጠፍ ክንፉ ሥር የተንጠለጠለ 100 ኪሎ ሚሳይል ክንፉን የሚጎትተው እንደ 700 ኪሎ ሆኖ ነው። ስለዚህ ክንፉ ይህንን እንዲችል ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ጠንካራ ክንፍ ደግሞ ራሱ ይከብዳል።

ይህንን ይዘን ወደ ሰውየው እንሂድ።

ግንብ ውስጥ ያደጉት ልጅ

ቮን ሮዘን የተወለዱት ነሐሴ 19 ቀን 1909 ስዊድን ውስጥ ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን ሀብታም መኳንንትና አገር አሳሽ ነበሩ፤ አፍሪካንም ዞረው ያዩ። በ1918 ፊንላንድ ነፃነቷን ገና ስታውጅ አባትየው አንድ አውሮፕላን ገዝተው በስጦታ ሰጧት፤ የፊንላንድ አየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ አውሮፕላን ነው።

በ1920 ክረምት ደግሞ አንድ ጀርመናዊ ፓይለት አባትየውን በበረዶ ማዕበል ውስጥ አብርሮ ወደ ግንባቸው አመጣቸው። ያ ፓይለት ሄርማን ጎሪንግ ነበር፤ ኋላ የሂትለር ቀኝ እጅና የናዚ አየር ኃይል አዛዥ የሆነው። ጎሪንግ እዚያው ግንብ ውስጥ የቮን ሮዘንን አክስት አገኘ፤ ኋላም አገባት። ካርል ያኔ ገና ልጅ ነበሩ።

አባትየው ወደ ናዚዎቹ አዘነበሉ። ልጅየው ግን አቪየሽንን ወደዱ እንጂ ፖለቲካውን አልተከተሉም። መካኒክ ሆነው ጀመሩ፤ ከዚያ መብረር ተማሩ፤ ከአንድ ተዘዋዋሪ የአየር ሰርከስ ጋርም ትርኢት እያሳዩ ዞሩ። ሰርከስ ላይ የሚበር ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፦ ቀላል አውሮፕላን እንደ ወፍ ይታዘዛል፤ የከበደ ግን ለመታዘዝ ጊዜ ይወስዳል።

1936፦ ሸራ፣ እንጨትና ቃሬዛ

በጥቅምት 1935 የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላከ። የቡድኑ ካምፕ መልካ ዲዳ ላይ በታህሳስ 30 ቀን 1935 በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ ቀይ መስቀሉ ከሩቅ እየታየ። ቮን ሮዘንም በዚህ ጦርነት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው መጡ። ዕድሜያቸው 26 ነበር።

የያዟት ሄንከል ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። የዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚሠራው በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከብረት ቧንቧና በላዩ ከተወጠረ ሸራ ነው። በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው የእኛዋ ፀሐይም የዚያው ዘመን ልጅ ናት፤ በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመላት።

እንዲህ ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ከፍታ ላይ ስንት ሰው ታነሳለች? ጥቂት። ሐኪም ከጫናችሁ ለመድኃኒት የሚተርፈው ቦታ ይቀንሳል፤ ቁስለኛ በቃሬዛ ካስተኛችሁ ሐኪሙ መሬት ላይ ሊቀር ነው። ሂሳቡ እዚህ ላይ ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ማን ይጫን፣ ማን ይቅር የሚል ውሳኔ ይሆናል።

ኋላ ከፍ ያለ ፎከር አውሮፕላን ተገኘ። የፎከር ክንፍ ከእንጨት ተሠርቶ በኮምፔንሳቶ የተሸፈነ ነው። ኮምፔንሳቶን አናጺ ቤት ሁሉ አይታችኋል፤ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ፣ የእንጨቱ መስመር እየተጠላለፈ በሙጫ የተጣበቁበት ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ብቻውን በእጅ ይሰበራል፤ ሲጣበቁ ግን ጠንካራም ቀላልም ይሆናሉ። ይህን ሐሳብ ያዙት፤ ዛሬ ጄት የሚሠራበት ካርበን ፋይበር የተነሳው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

በዚህ ፎከር ቮን ሮዘን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ተወካይ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ወደ ሰሜን ግንባር በረሩ። አውሮፕላኑ ኮረም አጠገብ መሬት ላይ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደብድበው አቃጠሉት። ቮን ሮዘን በዚያ ጦርነት በሰናፍጭ ጋዝም ተቃጥለዋል። መርዙን የጣሉት አውሮፕላኖች ከሳቸው አውሮፕላን የሚለዩት በመጠናቸው ብቻ አልነበረም፤ የሚለዩት በተሸከሙት ነገር ነው።

1940፦ የመንገደኛ አውሮፕላን ቦምብ ሲጭን

ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ቮን ሮዘን የሆላንድ አየር መንገድ ፓይለት ሆኑ። በ1939 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ሥራቸውን ትተው ሄዱ። ከሆላንድ አየር መንገድ የነበረ አንድ ዲሲ-2 የመንገደኛ አውሮፕላን ተገኘና ወደ ቦምብ ጣይ ተቀየረ።

ዲሲ-2 የተሠራው 14 መንገደኛ እንዲይዝ ነው። ባዶ ክብደቱ 5.6 ቶን ገደማ ሲሆን መነሳት የሚችለው ከነጭነቱ 8.4 ቶን ገደማ ሆኖ ነው። መሃል ላይ ያለው 2.8 ቶን ለነዳጅ፣ ለሰውና ለሻንጣ የታሰበ ነበር። አሁን በሻንጣው ቦታ ቦምብ ገባ፤ ጣሪያው ላይ መትረየስ ተገጠመ። መትረየስ ክብደቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ከአካሉ ውጭ ብቅ ያለ ነገር ሁሉ አየሩን ይገፋል፤ አየሩም መልሶ ይገፋዋል፤ አውሮፕላኑ ይዘገያል፤ ነዳጅም ይበላል። ተጨማሪ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዴ በክብደቱ፣ አንዴ በንፋሱ።

ቮን ሮዘን በየካቲት 1940 ይህንን አውሮፕላን ይዘው ሶቪየቶች ላይ ቦምብ ለመጣል በረሩ። አውሮፕላኑ ለቦምብ ጣይነት ስላልተፈጠረ ብዙ አልዘለቀበትም፤ ወደ ማመላለሻነቱ ተመለሰ። ዛሬም ፊንላንድ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል።

ናዚዎች ሆላንድን ሲወሩ ደግሞ ቮን ሮዘን ለእንግሊዝ አየር ኃይል መብረር ፈለጉ። እንግሊዞቹ ግን የጎሪንግ ዘመድ መሆናቸውን አይተው አልቀበልም አሉ።

1947፦ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ፣ ሳያርፉ

ጦርነቱ ሲያበቃ ቮን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። እስከ 1956 ድረስ አየር ኃይሉን በማደራጀትና አብራሪ በማሰልጠን ሠሩ። ማዕከሉ ያኔ ደብረ ዘይት የሚባለው የዛሬው ቢሾፍቱ ነበር።

ግንቦት 9 ቀን 1947፣ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1939፣ ቮን ሮዘን ሳፊር በምትባል ትንሽ የስዊድን አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሱ። የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። 6,220 ኪሎ ሜትር፤ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ይህ የሚገርም ርቀት ነበር።

እንዴት ቻሉ? ሳፊር ባለ አንድ ሞተር የስልጠናና የጉብኝት አውሮፕላን ናት፤ በተለምዶ ነዳጇ የሚወስዳት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስድስት እጥፍ መንገድ ለመሄድ ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ ክብደቱን በሙሉ ለነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ሲነሱ የከበደችው አውሮፕላን በየሰዓቱ ነዳጅ እየበላች እየቀለለች ትሄዳለች፤ የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ስትደርስ፣ አየሩ በሚሳሳበት ቦታ፣ በጣም ቀላል ሆናለች። ሂሳቡ ከመጀመሪያው በዚህ መልክ ካልተሠራ መንገዱ አይቻልም።

ከዚያው ዓመት ጀምሮ ከስዊድን ሳብ 17 የሚባሉ ቦምብ ጣዮች መጡ፤ በጠቅላላው ከ40 በላይ። ሳብ 17 የሸራና የእንጨት ዘመን ያለፈበት የብረታ ብረት አውሮፕላን ነው። ባዶ ክብደቱ 2.6 ቶን ገደማ፣ ሲነሳ ወደ 4 ቶን። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አንድ ትውልድ ክንፉን ያወጣው በነዚህ ላይ ነው።

1969፦ ከሦስት ኩንታል ተኩል ያነሰች ተዋጊ

ከኢትዮጵያ ሲመለሱ ቮን ሮዘን ትራንስኤር የሚባል የስዊድን ኩባንያ ፓይለት ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮንጎ ውስጥ ለተባበሩት መንግሥታት በረሩ። በነሐሴ 1968 ደግሞ ሕይወታቸውን የቀየረ በረራ አደረጉ።

ናይጄሪያ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ተገንጥላ የወጣችው ቢያፍራ ተከባ ሕጻናት በረሃብ ያልቁ ነበር። ቮን ሮዘን በትልቅ ማመላለሻ አውሮፕላን ምግብና መድኃኒት ጭነው፣ ራዳር እንዳያያቸው ዛፍ ለዛፍ እየበረሩ ከበባውን ሰብረው ገቡ። ያዩት ረሃብ አልለቀቃቸውም። ምግብ ማድረስ ብቻውን አይበቃም፤ የእርዳታ አውሮፕላኖቹን የሚያሳድደው አየር ኃይል መመታት አለበት ብለው ወሰኑ።

መሣሪያ አድርገው የመረጡት ሰው የማያስበውን ነው። ኤምኤፍአይ-9ቢ የምትባል ሁለት ሰው የምትይዝ የመዝናኛ አውሮፕላን። ባዶ ክብደቷ 340 ኪሎ፤ ከሦስት ኩንታል ተኩል እህል ያንሳል። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት። ከነጭነቷ ከ575 ኪሎ በላይ መነሳት አልተፈቀደላትም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከ575 ላይ 340 ሲቀነስ 235 ኪሎ ይቀራል። ከዚህ ፓይለቱ 80 ኪሎ ቢወስድ 155 ቀረ። ከነዳጁ የተረፈው ለመሣሪያ ነው። አንድ ባለ 68 ሚሊሜትር ሮኬት አምስት ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሁለተኛው መቀመጫ ባዶ ይሁን፤ በያንዳንዱ ክንፍ ሥር 6 ሮኬት ይንጠልጠል፤ በድምሩ 12። አለቀ። ከዚያ በላይ የሚሆን ቦታ የለም። ጥይት የሚመክት ብረት የለም፤ ራዳር የለም።

አምስት እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ፈረንሳይ ውስጥ ሮኬት ማስወንጨፊያ ተገጠመላቸው፤ በጋቦን በኩል ወደ ቢያፍራ ገቡ። ግንቦት 22 ቀን 1969 በቮን ሮዘን መሪነት ፖርት ሃርኮርት የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወረዱበት። በቀጣዮቹ ቀናት ቤኒንና ኢኑጉ ተመቱ። የናይጄሪያ ሚግ-17 ባዶውን ወደ 3.9 ቶን ይመዝናል፤ ከነዚህ ትናንሾች ከ11 እጥፍ በላይ። ግን ሚጎቹ መሬት ላይ ነበሩ፤ ትናንሾቹ ደግሞ ዛፍ ተጠግተው ስለሚመጡ ማንም ሳያያቸው ደረሱ።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን መናገር አለብን። ለቢያፍራ ሰዎች ቮን ሮዘን ጀግና ነበሩ። ለናይጄሪያ ግን የእርዳታ ሰው መስሎ የመጣ ቅጥረኛ ናቸው። ሌላም አለ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያን አንድነት ይደግፍ ነበር፤ ጉዳዩን እንዲሸመግል የተሰየመውን ኮሚቴ የሚመሩት ደግሞ ቮን ሮዘን ዓመታት ያገለገሏቸው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ጥቃቱም ጦርነቱን አልቀየረም፤ ቢያፍራ በጥር 1970 እጇን ሰጠች።

1974፦ በሮኬቱ ቦታ እህል

በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በድርቅ ተመታች፤ የወሎ ረሃብ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ቮን ሮዘን 60 አልፏቸዋል፤ ተመልሰው መጡ። አሁን የያዙት የዚያችኑ ትንሽ አውሮፕላን ታናሽ ወንድም፣ ኤምኤፍአይ-15ን ነው። የሁለቱም ነዳፊ ቢዮርን አንድሪያሶን የሚባል አንድ ስዊድናዊ ነው። አዲሱ ባለ 200 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሆን ክንፉ ሥር ስድስት ማንጠልጠያ አለው፤ በነዚያ ላይ እስከ 300 ኪሎ ይሸከማል። ሦስት ኩንታል ማለት ነው።

እነዚያ ማንጠልጠያዎች ቦምብም፣ ሮኬትም ያንጠለጥላሉ። ቮን ሮዘን የምግብ ከረጢት አንጠለጠሉባቸው። መኪና የማይደርስበት፣ ትልቅ አውሮፕላን የማያርፍበት ቦታ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ይለቁታል። መሐንዲሱ ቢዮርን ክንፉ ምን ያህል እንደሚችል ወሰነ፤ ምን እንደሚንጠለጠልበት የወሰኑት ግን ፓይለቱ ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ቢያፍራ ላይ ያደረጉትና አሁን ያደረጉት፣ በሂሳብ ስታዩት አንድ ዓይነት ነው። በተቀባዩ ዘንድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያል።

ጎዴ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.

በ1977 ቮን ሮዘን ኦጋዴን ውስጥ በእርዳታ ሥራ ላይ ነበሩ። የሶማሊያ ጦር ድንበር አቋርጦ ገባ። ሐምሌ 13 ቀን 1977፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ጎዴ በጥቃት ላይ ሳለች ቮን ሮዘን ተገደሉ። 67 ዓመታቸው ነበር። ያን ሁሉ ጦርነት በአየር ላይ ያለፉት ሰው የሞቱት መሬት ላይ ሆነው ነው።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ እሳቸው ሲቋቋም ያገዙት አየር ኃይል ኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ተገናኘ። የእኛ ልጆች የያዙት ኤፍ-5 ነበር፤ በአየር ላይ ፍልሚያውም የበላይነቱን ያዙ። የፓይለቶቹ ስልጠናና ድፍረት መጀመሪያ ይቀመጣል። ግን አውሮፕላኑም የክብደት ትምህርት ነው።

ኢትዮጵያ በ1960ዎቹ ያገኘችው ኤፍ-5ኤ ባዶውን 3.7 ቶን ገደማ ነበር፤ ራዳር አልነበረውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጣው ኤፍ-5ኢ ራዳር ተጨመረለት፤ ነዳጅም ተጨመረለት፤ ባዶ ክብደቱ ወደ 4.35 ቶን ወጣ። ወደ ስድስት ሰባት ኩንታል ጨምሯል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልዘገየም? የሞተሩም ጉልበት ከአንድ አምስተኛ በላይ ስላደገ። መሣሪያ ሲጨመር ጉልበት አብሮ ካልተጨመረ አውሮፕላኑ የሚያይ ግን የማይታጠፍ ይሆናል። ኤፍ-5ኢ ሁለቱንም አገኘ፤ ያም ሆኖ ከሚግ-21 ይቀልላል።

ታዲያ ካርበን ፋይበር የት ገባ?

ከቮን ሮዘን በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ ኮምፖዚት ነው። ኮምፖዚት ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተዋህደው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሌላቸውን ጥንካሬ ሲሰጡ ነው። እኛ አገር ጥንት አለ። የጭቃ ቤት ግድግዳን አስቡ። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም። ጭቃው በጭድ ሲቦካ ግን ግድግዳ ሆኖ ዘመን ይሻገራል። ካርበን ፋይበርም እንደዚሁ ነው፤ ጭዱ ከፀጉር የቀጠነ የካርበን ክር ነው፤ ጭቃው ሙጫ ነው። ክሩን ጫናው በሚመጣበት አቅጣጫ እየደረደራችሁ፣ ልክ እንደ ኮምፔንሳቶው ንጣፍ በንጣፍ ላይ ታጣብቁና በሙቀት ታበስሉታላችሁ። ውጤቱ ለተመሳሳይ ጥንካሬ ከአልሙኒየም ይቀልላል።

ለእኛ ቅርቡ ምሳሌ ቦይንግ 787 ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በነሐሴ 2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተረከበው።

እንግዲህ ተዋጊ ጄቶች በዚህ ምክንያት ቀለሉ? የለም። ሳፊርንና ሳብ 17ን የሠራው ያው የስዊድን ኩባንያ ሳብ፣ ዛሬ ግሪፐን የሚባል ተዋጊ ይሠራል። ክንፉና ጭራው ላይ ካርበን ፋይበር አለው። ሆኖም ግሪፐን ሲ ባዶውን 6.8 ቶን ገደማ ሲሆን አዲሱ ግሪፐን ኢ ወደ 8 ቶን ደርሷል። የአሜሪካው ኤፍ-35ኤ ደግሞ አካሉ ከሲሶ በላይ ኮምፖዚት ሆኖ ሳለ ባዶውን ከ13 ቶን በላይ ነው፤ የኤፍ-5ኢን ሦስት እጥፍ!

ለምን? በእጃችሁ ያለውን ስልክ ተመልከቱ። ቁሱ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ስልኩ ግን አይቀልም። ባትሪው ያድጋል፤ ካሜራው ሦስት ይሆናል፤ ስክሪኑ ይሰፋል። ቁሱ ያተረፈውን ዕቃው ይበላዋል። ተዋጊ ጄትም ያው ነው። የተሻለ ራዳር፣ ሙቀት የሚያይ መሣሪያ፣ የጠላትን ራዳር የሚያደናግር መሣሪያ፣ ተጨማሪ ነዳጅ። ራዳሩ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይሞቃል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማንሳት ጠንካራ ሞተር ያስፈልጋል፤ ጠንካራ ሞተር ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ነዳጁ ሰፊ ጋን፣ ጠንካራ ጎማ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ዕቃ የሚያስከትለው አንድ ኪሎ ብቻ አይደለም።

ኮምፖዚቱም ራሱ ዋጋ አለው። አልሙኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ታዩታላችሁ። ካርበን ፋይበር ላይ ግን ከባድ መፍቻ ቢወድቅበት ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል፤ ለመመርመር ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። መብረቅንም እንደ ብረት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ቀጭን የመዳብ መረብ ይነጠፍበታል። ያ መረብ ደግሞ መልሶ ክብደት ነው።

በሌላ በኩል የቮን ሮዘን መንገድም አልሞተም። ባይራክታር ቲቢ2 የሚባለውን ድሮን ሁላችንም ሰምተናል። አካሉ ኮምፖዚት ነው፤ ከነጭነቱ 700 ኪሎ ገደማ ይነሳል፤ ከዚያ ውስጥ 150 ኪሎው ጭነት ነው። ቁጥሮቹን ከኤምኤፍአይ-9ቢ ጋር አስተያዩ፤ ጎረቤት ናቸው። ልዩነቱ፣ 80 ኪሎ የሚመዝነው ፓይለት ወርዷል። በሱ ቦታ ካሜራና ነዳጅ ገብቷል፤ ስለዚህ ድሮኑ ሌሊትና ቀን ሰማይ ላይ ይቆያል። ሌላም የቀረ ነገር አለ፤ ከታች ያለውን በገዛ ዓይኑ የሚያይ ሰው እላይ የለም።

ከቮን ሮዘን ምን እንውሰድ?

ቮን ሮዘን ጻድቅ አልነበሩም። ፊንላንድ ላይ ቦምብ ጭነዋል፤ ቢያፍራ ላይ ሮኬት ተኩሰዋል። የሞቱት ግን እኛ አገር እርዳታ ሲያደርሱ ነው። ሕይወታቸውን በክብደት ስትለኩት ግልጽ የሚሆን አንድ ነገር አለ። መሐንዲስ ባዶ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ከሸራ ወደ አልሙኒየም፣ ከአልሙኒየም ወደ ካርበን። እያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ የሆነ ሰው ይሞላዋል።

ከእናንተ መሃል ነገ አውሮፕላን ወይም ድሮን የሚነድፍ፣ የሚጠግን፣ የሚያበር ልጅ ይኖራል። ሒሳቡንና ቁሱን በደንብ ተማሩት፤ ያስፈልጋችኋል። ሦስት ኩንታሉ ምን እንደሚሆን ግን ካልኩሌተር አይነግራችሁም። በ1969 ሮኬት፣ በ1974 እህል የሆነው በአንድ ሰው ውሳኔ ነው።